የድልድዩን ጣውላ በስድስተኛው ቀን የነቀልሁ አናጢ ፊርማዬን ስለ ማንሳቴ

ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም.
ጅማ

ለተከበሩ የድልድይ ምረቃ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ለጓድ ለይኩን

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ ለወንበርዎም ጽናት እመኛለሁ። እኔ ከከምባታ መጥቼ ጊንጆ ጉዱሩ የምኖረው፣ ባለፈው መስከረም ከእጅዎ የምስጋና ወረቀት የተቀበልሁት አናጢ እንድርያስ ኤርሲዶ፣ ከኀፍረቴ በቀር ደኅና ነኝ። የምንጸልይበት ቤት በመታሸጉ ጥፋቴን የምናዘዝበት ጉባኤ ስላጣሁ፣ እርስዎን ለማስቸገር ተገድጃለሁ።

ከየቡ ከተማ በታች ኅዳር ላይ ስለ ፈረሰው ድልድይና ስለ ሞቱት ሦስት ሰዎች ኮሚቴዎ ባወጣው ውሳኔ፣ ጥፋቱ በሙሉ በሟቹ ሾፌር በሸኩር ላይ ተደርጓል። የእኔ ድርሻ በመዘለሉ ቅር ስላለኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ነሐሴ ላይ ኮንክሪቱ በተሞላ በስድስተኛው ቀን፣ ከሥር የደገፈውን ጣውላ ነቅዬ ለክብር እንግዶች መድረክ እንድሠራበት አዘዙኝ። «ጓድ፣ ገና አልጠነከረም፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል» ብዬ ነበር። እርስዎም «የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አንተን ይጠብቅ?» አሉኝ። ጀግንነቴ እዚያ ላይ አለቀ። ጣውላውን ነቀልሁ፤ መድረኩንም ሠራሁ። መድረኩ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም።

2ኛ/ በምረቃው ዕለት ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብሁ። ንግግርዎ እጅግ ያማረ ስለ ነበር፣ ጣውላውን በእጄ የነቀልሁት እኔ እንኳ ድልድዩ ጠንካራ ነው ብዬ አመንሁ።

3ኛ/ ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ድልድዩ በፈረሰበት የገበያ ቀን ጠዋት ሸኩር ቡና የጫነ መኪናውን ከድልድዩ አፍ አቁሞ በመስኮት ጠራኝ። ከጆንያው ላይ ሁለት ቡና ለቃሚዎች፣ ፈድሊያና ጥሩአየሁ፣ ተቀምጠው ነበር። «እንድርያስ፣ ይህ ድልድይህ ይችለኛል?» አለኝ። እኔም እንደ መሐንዲስ ደረቴን ነፍቼ «እኔ የሠራሁት እኮ ነው፤ እለፍ!» አልሁት። «ቢስሚላህ» ብሎ ማርሽ አስገባ። መሐል ላይ ሲደርስ ድልድዩ ለሁለት ተሰበረ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር፤ ኮንክሪቱና ጆንያው ግን ከላያቸው ሆነ። እስኪመሽ ድረስ በዶማም በእጃችንም ስንቆፍር ዋልን። አንዳቸውንም በሕይወት አላገኘንም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። ምርመራው ላይ «ሾፌሩ ከልክ በላይ በመጫን የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽሟል» የሚል ወረቀት ሲቀርብልኝ በባለሙያነት ፈረምሁ። ፊርማዬም እንደዚያን ቀን አምሮልኝ አያውቅም። በዚያች ፊርማ የሸኩር ሚስት ዘሀራ «የአሻጥረኛ ሚስት» ተብላ ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ተባረረች። ለአዲሱ ድልድይ መዋጮ ሲጠየቅ ግን ማንም አልረሳትም።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ በርጩማ አቀረበችልኝ። ስጨርስ «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይሠራልኛል? ለፈረምህላቸው ንገራቸው» አለችኝ።

እነሆ ነገርሁ፤ ፊርማዬንም ከዛሬ ጀምሮ አንሥቻለሁ። ሸኩር አሻጥረኛ አልነበረም፤ በዚያ ድልድይ ካለፍነው ሁሉ ከመሻገሩ በፊት ቆሞ የጠየቀ እርሱ ብቻ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።

አዲሱን ድልድይ ለየካቲት በዓል እንዳደርስ እንደገና እኔን በመምረጥ ስላሳዩኝ የማይናወጥ እምነት ከልብ አመሰግናለሁ። ካለፈው ምንም ያልተማረ ሰው መፈለግዎ ከሆነ፣ እስካለፈው እሑድ ድረስ ምርጫዎ ትክክል ነበር።

ለትእዛዝ ፈጣን፣ ለእውነት ግን አራት ወር የዘገየሁት፣
ትሑት አገልጋይዎ
አናጢ እንድርያስ ኤርሲዶ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከውሳኔዎ ጎን ስለ ለጠፍሁት፣ እኔን ለማፈላለግ መድከም አያስፈልግም፤ ከቤቴ አልወጣም። ሊወስዱኝ ለሚመጡት ጓዶች ብቻ በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ ይንገሩልኝ፤ እርሱንም የሠራሁት እኔው ነኝ።