ሁለት መቶ ሜትር

ኅዳር 3
ማርቆስ ከተማ ዛሬም ብርድ ብቻ። ከሰዓት መሬት ቢሮአችን ኔት መጣ። አንዷለም፣ ጎኔ የሚቀመጠው፣ ነፃውን የሳተላይት ካርታ ሊንክ በቴሌግራም ላከልኝ። «ሶፍትዌሩ ላይ አዲስ ግንኙነት በይ፣ ስም ስጪው፣ ሊንኩን ለጥፊ፣ በቃ።» በቃ ቢል ጥሩ ነበር... ስክሪኑ ነጭ። ሦስት ጊዜ ሰርዤ አስገባሁ። ነጭ።

ኅዳር 4
ለካ ሊንኩን ስገለብጥ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቅንፍ ትቻታለሁ። ስመልሳት ተከፈተ! ማርቆስ፣ መናኸሪያው፣ ከዚያ የገጠሩ ቁይ... ጣራው ሳይቀር ይለያል። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ኅዳር 5
አምና ቁይ የለካኋቸውን ማሳዎች ሥዕሉ ላይ ደረብኩ። ሁሉም ገጠመ፤ ከአንዱ በቀር። የእማማ ወለተ ሰንበት ማሳ። በሌላ ቀን፣ ለብቻው የለካሁት። ግጦሹ መሐል ተኝቷል። ያኔም ካርታዬ ያለው ይህንኑ ነው፤ «የወል ግጦሽ ነው» ተብሎ እማማ የይዞታ ደብተር ተከለከሉ። ዛሬ ግን ከእሱ በስተደቡብ ያው የተጣመመ ቅርጽ፣ በካብ የታጠረ ማሳ፣ ሥዕሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

የተሳሳተው ሥዕሉ ነው አልኩ። ነፃ ነገር! አንዷለም ወንበሩን አስጠግቶ አየ። «የዚያን ቀን ፋይል በየትኛው የካርታ መለኪያ ነው የጫንሽው?» ከፈትኩት። ጂፒኤሱ የመዘገበው በዓለም አቀፉ ነው። እኔ ስጭነው የመረጥኩት አዲንዳንን፣ የድሮውን የአገራችንን የካርታ መለኪያ ነው። ሁለቱ ስለማይገጥሙ መሬቱን ሁለት መቶ ሜትር ገፋሁት። እኔ።

ኅዳር 6
እህል አልቀመስኩም። ማሳውን የለካሁ ቀን ሦስቱ አዋሳኞች ድንበሩ ላይ ቆመው፣ «ከመሬት ሽግሽጉ ጀምሮ የእሷ ነው» ብለው ምለው ነበር። እነሱን ትቼ ኮምፒውተሩን አመንኩ።

ኅዳር 9
ቁይ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሬቱ የእርስዎ ነው አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ!

«ልጄ፣ ወረቀት ይዋሻል እንዴ? እኔ እኮ የማይገባኝን ሳርስ ኖሬያለሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ዓመት ሙሉ ሰገድሁ።» ጉልበታቸውን ያሻሉ። «ታዲያ ያ ሁሉ ስግደት ስለ ምን ነበር?»

 

ኅዳር 11
የቢሮው ኃላፊ፣ «ይስተካከላል» አለ። «አዋሳኞቹ እንደገና ቆመው ይመስክሩና ይፈርሙ።» ትንሽ ተነፈስኩ።

ኅዳር 14
ሦስቱም አዋሳኞች ቤታቸው ነበሩ። የተናገሩት ትልቁ፣ አባ እንዳላማው ናቸው። «ካርታሽ ሲክደን በሐሰት ማልን ብለን እኛም ቀኖና ተቀብለናል። እውነት ይሁን ሐሰት፣ ሁለተኛ በእግዜር ስም አንቆምም።» ለመንኳቸው። አለቀስኩ። «ሂጂ ልጄ» ብቻ።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ማሳውን ካርታው ላይ ወደ ቦታው መለስኩት። ካቡ ላይ ልክክ አለ። ቅጹን አተምኩ። ለምስክሮች የተተወው ሦስት መስመር ባዶ ነው፤ ያለ ፊርማቸው ደብተር አይሰጥም። እማማ ነገ ቢሮ እመጣለሁ ብለው ልከዋል... ምን ብዬ ነው የምቀበላቸው?