ስለ ታንኩ በርና ከሥሩ ስላለው ቀለም

እኔ ገሰሰ ዋሲሁን፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ዛሬ ጥቅምት ፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ፍራንክፈርት ሽቫንሃይም በሚገኘው ቤቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ተናገርኩ። የምለውን የሚጽፍልኝ ወዳጄ ምንያህል ነው። የጀርመን ሕግ የሚፈልገውን በእጄ ጽፌ ኖታር በሚሉት ውል አዋዋይ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ይህ ግን በሽማግሌ ፊት የምለው ነው።

ቤቱ የባለቤቴ የሰናይት ነው። የመኪና ቀለም ቀቢ አግብታ ዕድሜዋን ሙሉ የቲነር ሽታ ታግሣለች። መስኮቱን ከፍታ ትኑርበት።

የቀለም መርጫዬ ለጓደኛዬ ለዘርኣብሩክ ይሰጥ። ሥራዬን ሲነቅፍ ኖሯል፤ እስቲ እሱ ይሞክረው።

ከአልጋዬ አጠገብ የተደገፈው ብረት የአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ታንክ በር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የሎሬን አውራጃ ገበሬ የአሳማ ማደሪያ ሲዘጋበት ኖሯል። ታንኩ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሮደልሃይም ሰፈር፣ የጥንት ተሽከርካሪ በሚጠብቀው ማኅበራችን መጋዘን ቆሟል፤ እኔ አባል ከመሆኔ በፊት በአሸዋ ተፍቆ በግምት ተቀብቷል። የጥንቱ ቀለም የተረፈው በዚህ በር ላይ ብቻ ነው።

ላዩ ግራጫ ነው። በውሃና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሳሸው አረንጓዴ ወጣ፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ የአፈር ቢጫ። በቀለሞቹ ድንበር ላይ ጥቁር መስመር አለ። ዘርኣብሩክ «ቅጥራን ነው፣ አትድከም» አለኝ። ቅጥራን አልነበረም። መስመሩ ብሎኑን ዞሮ ያልፋል፤ ሰው አስቦ ያዞረው ነው። ጥጉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን፣ በውስጡም በመጫወቻ ካርታ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቅጠል አበባ ብቅ አለ። አራት ማዕዘኑ ታንኩ የተመደበበትን ሻምበል፣ አበባው በሻምበሉ ውስጥ ያለውን የመቶ ጦር ይናገራል። እጄን አነሣሁ። የመቅደስ መጋረጃ ሲገለጥ እንደምሆነው ሆንኩ። አንዱ ቅጠል እስከ ዛሬ በግራጫው ሥር ነው።

ልጄ ሚናስ ግን ሊያስደስተኝ ብሎ ለሰኞ፣ ብረት ለመፋቅ በማሽን አሸዋ የሚነፉ ሰዎች ዘንድ ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዞለታል። «አባዬ፣ ዝገት እኮ ነው! እንደ አዲስ አስደርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅልልሃለሁ» ብሏል።

በሩን የማወርሰው ለሚናስ ነው።

ዘርኣብሩክ «ሥጋ ለጅብ አደራ!» አለ። ይህም ይጻፍ። ለሌላ ብሰጠው ሚናስ ሳያየው ይቀራል። አንድ ግዴታ አለበት፦ የቀረውን ቅጠል ራሱ በእጁና በውሃ ይግለጥ፤ ማሽን አይንካው። ከመፈረሜ በፊት አሁን ይጀምር።

ሚናስ እየሳቀ ጎንበስ ብሎ አሸው። ቆይቶ ሳቁን ተወ።

«ቆይ፣ ቆይ። እዚህ የብሩሽ ፀጉር አለ። ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል።»

«የቀቢው ነው። እንዳትነቅለው።»

«ስሙ ይታወቃል?»

«አይታወቅም።»

ፀጉሩን ሳይነካ ዙሪያውን በእርጥብ ጣቱ ቀስ ብሎ አሸ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቴርሚኑን ሰረዘ። እሱ ወረቀቱን ይዞልኝ ፈረምኩ።

ገሰሰ ዋሲሁን
ምስክሮች፦ ዘርኣብሩክ ሃብቱ፤ አስታማሚዬ መሲ ባሕሩ

ከፊርማዬ አጠገብ ያለው ግራጫ የጣት አሻራ የልጄ የሚናስ ነው። ወደፊት የሚያየው ሰው ቆሻሻ መስሎት እንዳይጠርገው ይህ ተጽፏል።