እስከ አፉ የሚሞላ ሰልባትዮ

ሰኞ
ዛሬም አስመለሳቸው። አባባ ከገበያ እስከ ቤት ያችን ታህል መንገድ ነድተው ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ የሞተሩ ቢጫ መብራትም ከበራ ሳምንት አልፎታል። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ! የገዛ አባቷን መኪና መጠገን ያቃታት መካኒክ።

እሑድ የእማዬ ሙት ዓመት ነው፤ ማጀቴ፣ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን። የአውቶቡስ ግፊያ አባባ አይችሉም። መኪናዋ እንዲህ እየሸተተችም አይደርሱም። ሳይሄዱ ከቀሩ ደግሞ የሚሆኑትን አላውቅም።

ማክሰኞ
የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን መያዣውን ክዳን ቀየርኩ። ቱቦዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብቼ በብስክሌት መንፊያ ነፋሁባቸው። አንዱ አረፋ ተፋ፤ ተሰንጥቋል። የከተማችን የሮቢት ሙቀት እንኳን የጎማ ቱቦ ሰውም ይሰነጥቃል። ቀየርኩት። መብራቱ ጠፋ። እየዘፈንኩ ቤት ገባሁ።

ረቡዕ
ዘፈኔ በአፌ ቀረ። አባባ እንደ ልማዳቸው በጠዋት ቤንዚን ቀዱ፤ መኪናዋ ማደያው በር ላይ አልነሳም ብላ ስታንገላታቸው ቆየች። ሽታውም መብራቱም ተመልሷል።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ኢብራሂም ሳቁብኝ። "ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ አፍንጫሽን ረሳሽው? ከቀዱ በኋላ ነው የሚብሰው። በይ የከሰሉን ጣሳ አውርጂ።"

ከሰል የታጨቀበት ጣሳ ነው፤ የቤንዚኑን እንፋሎት ይዞ ለሞተሩ ያቀብላል። ደረቅ መሆን ሲገባው ከበደኝ። ስዘቀዝቀው ቤንዚን እጄ ላይ ፈሰሰ።

"ወላሂ ሰጥሟል" አሉ ጋሽ ኢብራሂም። "አባትሽ ሲቀዱ ተመልከቻቸው እስቲ።"

ሐሙስ
ጣሳውን መልሼ ገጥሜ ከአባባ ጋር ማደያ ሄድኩ። ሰልባትዮው ሲሞላ ፓምፑ ራሱን አቆመ። "ጨምር" አሉት አባባ ቀጂውን። ጨመረ። ወርደው መኪናዋን በትከሻቸው ወዘወዟት፤ ጆንያ ውስጥ እህል እንደሚጠቀጥቅ ሰው። "አሁንም ጨምር።" ቤንዚኑ አፉ ላይ እስኪታይ።

ገባኝ። ከልክ ያለፈው ነው ወደ ከሰሉ የሚፈሰው። ያበላሿት ራሳቸው ናቸው።

ሳልነግራቸው ቤት ገባን። አምና እማዬን ሆስፒታል ልንወስዳት ስንነሳ ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። ባለችን ሄድን። የደብረ ሲና ዳገት ላይ ቤንዚኗ አለቀች። አባባ አስፋልት ላይ ቆመው መኪና ሲለምኑ፣ እማዬ እጄን እንደያዘች አለፈች። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሚሞሉት።

ዓርብ
ጋሽ ኢብራሂም ከቆመች አሮጌ መኪና ደረቅ ጣሳ ፈትተው ሰጡኝ። ገጠምኩት።

"ካልነገርሻቸው ይሄም ይሰጥማል" አሉ፣ ለጁምዓ ሊሄዱ እጃቸውን እየታጠቡ።

"እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?"

የሰጠመውን ጣሳ አስይዘውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ
ነገርኳቸው። የሰጠመውን ጣሳ አስያዝኳቸውና "አባባ፣ ፓምፑ ሲያቆም ይብቃ። የሚያሳምምዎት ትርፉ ነው" አልኩ።

አገላብጠው አዩት። "እኔ እኮ ልጄ፣ ዳግም እንዳይጎድል ብዬ ነው" አሉ። ምሳም አልበሉ። ምነው ባልተናገርኩ አልኩ።

እሑድ
ማደያ። ፓምፑ ቆመ። ቀጂው ልማዳቸውን ያውቃልና አልነቀለም፤ ጠበቃቸው። አባባ ወርደው ትከሻቸውን መኪናዋ ላይ አስደገፉ። አልወዘወዙም። እንደተደገፉ "ይብቃ" አሉ፤ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

አጣዬን እስክናልፍ ዓይናቸው ከቤንዚኑ መለኪያ ላይ አልተነሳም። ሽታ የለም። መብራት የለም። አንዴም አላስመለሳቸውም።

ማጀቴ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምን። አባባ መለኪያውን ደግመው አዩት። ከግማሽ በላይ አለ።

"ተረፈ እኮ" አሉኝ። "ደርሰንም ተረፈ።"

ከዚያ መሪው ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ዓመቱን ሙሉ ያላለቀሱትን። ቄሱ እየጠበቁን ነበር። አላስቸኮልኳቸውም።