ኅዳር ሲታጠን የተቃጠሉት ጥርሶች

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ብርድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ልደታን ጭስ ሸፈናት። ቤት የነበርነው እኔና እህትህ እታፈራሁ ነን።

አስፍዬ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ውኃው አሁንም በፈረቃ ነው። ፊት ለፊታችን ሌላ ሕንፃ ስለተነሣ በመስኮትህ ፀሐይ መግባት ትቷል። ማጉያ መነጽርህን ግን ከቦታው አላነሣሁትም።

የምጽፍልህ ክፉ ወሬ ነው። ለዓመታት አፈር እያጠብክ የጥንት አይጥ ጥርስ የለቀምክለት ፈረንጅ ተመራማሪ በስንብት የሰጠህ፣ ከሙጫ የተሠሩት የጥርስ ቅጂዎች የሉም። እታፈራሁ ኅዳር ሲታጠን ቤቱን ላጽዳ ብላ መጣች። ሳህን ላይ የደረደርካቸው ከምስር የተለቀመ ጠጠር መስለዋት ከጥራጊው ጋር ግቢ አውርዳ አቃጠለቻቸው። “ይኸው፣ የወንድሜን ቤት ከጉድፍ ገላገልኩት” እያለች እጇን ስታራግፍ መታጠቢያ ውኃ ቀዳሁላት። ደስ ብሏት ነበር።

እሑድ እሑድ በተራ ታሳየኝ ነበር። አምስት ነበሩ፣ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ። የመጀመሪያው አጭር፣ ሥር ያለው፣ ጉብ ጉብ ያለ፤ የመጨረሻው ረጅም፣ ሥር የሌለው፣ እንደ ነጠላ ጥለት በሦስት ማዕዘን የተሰደረ። ሌሚንግ የምትባለው፣ በበረዶ አገር ሣር የምትግጥ የአይጥ ዘመድ፣ ከየት እንደመጣች እዚያ ላይ ይነበባል አልከኝ። ጥርሷ እየተፋቀ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል ስትለኝ፣ የጥርስ ሐኪም ደጅ አትጠናማ ብዬህ፣ ሳልህ እስኪነሣ ሳቅክ። ኋላ የወሰደህ ያው ሳል ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ካገባኸኝ በኋላ ከሥራ ይዘህልኝ ከምትመጣው ቁራጭ ወረቀት ነው ማንበብ የለመድኩት። የሥራህን ነገር በጣቴ ነክቼ የማውቀው ግን በእነዚያ ጥርሶች ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ እዚሁ ያደረችው እታፈራሁ ተኝታ ሳለች፣ አመዱን በባልዲ ሰብስቤ በወንፊትህ አጠብኩት። ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የቀለጠ ፌስታል። ጥርስ የለም። እጄን ታጥቤ በእርሳስ ልሥላቸው ተቀመጥኩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ሣልኩ። የሦስተኛው መልክ ጠፋኝ። ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ ከራሴ ፈጥሬ አልሞላብህም። የቀሩትን እንዳልረሳ ከእንግዲህ በየጠዋቱ እሥላቸዋለሁ። ከዚያ እርሳሱን ቀርጬ አስቀመጥኩና እታፈራሁ ምን እንዳቃጠለች እንዳታውቅ፣ ከእንቅልፏ ሳትነሣ አመዱን ወስጄ ደፋሁ።