የደካው ጠገራ

ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? ባለፈው በስልክ ስታስል ሰምቼ ሆዴ አልቻለም። ያቺን ወፍራም ሹራብ ከሻንጣ አውጣት እንጂ፤ ሆሳዕናም ብርድ ያውቃል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ የአንተ ወንበር ባዶ ከመሆኑ ሌላ ምንም አልጎደለብንም። ልጄ ሰሎሜ ቁመቷ እኔን አልፎ ሄዷል፤ «ጋሼ መቼ ነው የሚመጣው?» ማለቷን ግን አልተወችም። ቦንጋ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ትዘንባለች፣ ከሰዓት ትዘንባለች፣ በመሀል ደግሞ ለመዝነብ ትሰናዳለች።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን «የጠገራዋን ፎቶ ላኪልኝ፣ ጠርዟን አሳዪኝ» ትላለህ፤ እኔም ጠርዟን አሳይህና ኔትወርኩ ይቋረጣል። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

ከጠገራ ብር ስብስባችን ልጀምር። «ስብስባችን» ማለቴን ልብ በልልኝ። ወደ ሆሳዕና ስትዛወር ሳጥኑን እኔ ቤት አስቀምጠህ «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ መንገድ ላይ እንዳይንገላታ» ስትለኝ የአንተ ብቻ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ያኔ ሥራህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ጠገራ ላይ ያቺው አንዲት ሴትዮ፣ ያው አንድ ዓመተ ምሕረት፤ ምኑ ነው በደረጃ የሚለየው? እያልኩ በልቤ እስቅብህ ነበር። አሁን ግን የጸጉሯ ክር አንድ በአንድ የሚታየውን፣ ጉንጯ በሰው መዳፍ ብዛት የተፋቀውን፣ ከጀርባዋ ያለው ንስር ላባው የጠፋውን፣ ለአንገት ጌጥ ተብላ የተበሳችውን እያየሁ ወደየረድፋቸው ስመልሳቸው ደስ ይለኛል። አንተ የማታውቃቸው ብዙ ገብተዋል። አብዱ፣ የሺሺንዳው ነጋዴ፣ አንዲት የምታምር ይዞልኝ ነበር። ብደርስ ለእኔ ክብር ሲል በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ አዲስ ድስት አብለጭልጯታል! «እትዬ፣ ለእርስዎ ስል እኮ ነው» አለኝ፣ ፊቱ እየበራ። የታጠበች ጠገራ ደረጃዋ እንደሚወርድ የት አውቆ! አመስግኜ ተቀበልኩትና የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ከተትኳት። ብታያት ታለቅሳለህ።

አንደኛ ደረጃ የምትላት፣ ከተሠራች ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ያልዞረችዋ፣ ግን አልተገኘችም ነበር። እስከ ደካ ድረስ።

ለክትባት ሱፐርቪዥን ወደ ጌሻ፣ ደካ ወጥተን ነበር። ሥራው ሲያልቅ የጤና ኤክስቴንሽኗ «ጠገራ የሚፈልጉት እርስዎ ከሆኑ ጋሽ ገብረወልድን ያነጋግሯቸው» ብላ ቤታቸው ድረስ ወሰደችኝ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያው ዘር የተከሉ፣ ሚስታቸው እትዬ ተሾመች ባለፈው ዓመት ያረፉባቸው ሽማግሌ ናቸው። ማርና ቆጮ አቀረቡልኝ። ከዚያ ከውስጥ ጥጥ ይዘው መጡና ጉልበታቸው ላይ ፈቱት።

ወዳጄ፣ ምን ብዬ ልጻፍልህ! በእርጅና ብዛት ሰማያዊ ጥላ አጥልቶባታል እንጂ ፊቷን ማንም አልነካውም። የመጎናጸፊያዋ እጥፋት፣ በጸጉሯ ላይ ያሉት የዕንቁ ፍሬዎች፣ የጠርዟ ጽሑፍ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ምራታቸው ህይወት ለእንግዳ የጠቆረ ነገር መቅረቡ አሳፈራትና «ኧረ ላጥባት!» ብላ ብድግ አድርጋት ወደ ጓዳ ሮጠች። ተነሥቼ «እንዳትነኪያት!» ብዬ ጮኽኩ። በሰው ቤት! ህይወት በድንጋጤ ደርቃ ቀረች፣ እኔም በሐፍረት መግቢያ አጣሁ። ጋሽ ገብረወልድ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ተሾመችም እንዲሁ ነበር የምትጮኸው» አሉ።

ከዚያ አጫወቱኝ። እትዬ ተሾመችን ለጋብቻ ሲጠይቁ፣ የገዛ አባታቸው ለዚህ ቀን ያስቀመጧትን ያቺን ጠገራ ለጥሎሽ ሰጥተዋቸው ኖሯል። እኩዮቻቸው ሁሉ ብራቸውን እያስበሱ አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ እትዬ ተሾመች ግን እምቢ ብለው ዕድሜ ልካቸውን በጥጥ አኖሯት።

ዋጋ እንዲጠሩልኝ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይቺ ወደዚህ ቤት የገባችው ለሙሽራ ነው፤ የምትወጣም ለሙሽራ ብቻ ነው። ተሾመች ስታርፍ ቃል ያስገባችኝ ይህንኑ ነው። ሳጥን ውስጥ ለመቀመጥ ከሆነ እዚህም ጥጥ አላት» አሉኝ።

እንዲያስቡልኝ ብዬ ስለ አንተ ማውራት ጀመርኩ። ብር ከመያዝህ በፊት መነጽርህን እንዴት እንደምትወለውል፤ አንተ የምትወዳትን ጠገራ ሰሎሜ የጣለችብህ ቀን አንዲት ቃል ሳትቆጣ አብረሃት አልጋ ሥር በእንብርክክ መግባትህን፤ እኔ በወባ ተይዤ ተኝቼ ሳለሁ በራፍ ላይ ቁጭ ብለህ ለጠያቂ ሁሉ መልስ ስትሰጥ መዋልህን። ስለ ጠገራው እያወራሁ ይመስለኝ ነበር። ሳየው ስለ ጠገራው ማውራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሽማግሌው ሰምተው ሰምተው፣ ሰውየው ባልሽ ነው ወይ? አሉኝ። አይደለም፣ ባሌ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል አልኳቸው። «ታዲያ ሳጥኑን አንቺ ዘንድ ለምን ተወው?» መንገድ ላይ እንዳይንገላታ ብሎ ነው አልኩ። ፈገግ አሉና «ልጄ፣ በዚህ መንገድ ስመላለስ አረጀሁ። ብር ሲንገላታ አላየሁም። የሚንገላታው ሰው ነው» አሉኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

ምን እንደጠየቁኝና ምን እንደመለስኩላቸው እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ጥጡን ከነጠገራዋ መዳፌ ላይ አኖሩና እጄን በሁለት እጃቸው ዘጉት። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም መረቁኝ። ግን ቃል አስገብተውኛል፤ ከፋሲካ በፊት አንተን ይዤ ደካ መውጣት አለብኝ። ካልሆነም ጠገራዋን ራሴ እንድመልስ፣ እንደማይቀየሙኝም ነግረውኛል።

መኪና ውስጥ እስከ ቦንጋ ድረስ ጉያዬ ውስጥ አድርጌያት መጣሁ። እቤት ስደርስ ለሰሎሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከእሷ የምደብቀው ነገር አይደለም። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሆሳዕና ጥሩ ትምህርት ቤት አለ ወይስ እሱ ነው ወደዚህ የሚመለሰው? ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እኔም አላውቀውም አልኳት። «እንግዲያው ጠይቂዋ!» ብላ ብዕሩን ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ እየጠየቅሁህ ነው። ጠገራዋን ወደ ሳጥኑ አላስገባኋትም። እንዳመጣኋት በጥጧ አለች፣ ደረጃም አልሰጠኋት። መምጣቱ የሚከብድህ ከሆነ «ትመለስ» ብለህ ብቻ ጻፍልኝ። በሌላ ቀን መኪና ወደ ደካ እወጣና ለጋሽ ገብረወልድ አስረክቤ እመለሳለሁ። በመካከላችን የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ ፎቶም እልክልሃለሁ፣ ጠርዟንም አሳይሃለሁ። የምትመጣ ከሆነ ግን ጥሩ ጫማ አድርግ፤ ከመኪና መውረጃው እስከ ቤታቸው ጭቃ ነው።

እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውርህ። ደረትህን ታሙቅልህ፣ እንጀራህን ትባርክልህ፣ መንገድህን ታቅናልህ። ሰሎሜ ጉንጭህን ስማለች።

የቦንጋዋ ወዳጅህ

ረስቼው፦ ጋሽ ገብረወልድ የአባትህን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የአያትህንም ጠየቁኝ፣ እሱንም አወቅሁት። ከዚያ በላይ ያለውን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩብኝ ግን አፈርኩ። ለእሱ ራስህ ትነግራቸዋለህ ብያቸዋለሁ።