«ባዶ» የተባለው መሬት

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 1989፤ ዴን ሃግ (ሄግ)፣ ሆላንድ

እንደ ወትሮው ትራሙ አዘገየኝ። መ/ቤት ስደርስ ጌታሁን ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። አለቃችን ኮር አጠገቡ ቆሞ ይስቃል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ስቆ አያውቅም።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ ቀናሁ። አገር ቤት የደን ት/ቤት ሳለን ጌታሁን ከእኔ ሁለት ዓመት ኋላ ነበር። የዛፍ ቁመት አለካክ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እሱ የማስተርስ ተማሪ፣ ከሮተርዳም የሚጠራ «ባለሙያ»። እኔ ስደተኛ። ታይፒስት።

ዓርብ፣ ሴፕ. 15

የጌታሁንን ጽሑፍ እንድተይብ ተሰጠኝ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ እዚህ ያለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለሚተፋው ካርቦን ማካካሻ፣ አገር ቤት ደን መትከል። ዛፉ ሲያድግ ካርቦኑን በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ቀጥሎ ሠንጠረዡ። የችግኝ ዋጋ አለ፣ የሠራተኛ አለ፣ የአጥር አለ። የመሬት፦ ዜሮ። ምክንያት፦ «ባዶ መሬት»።

የቦታውን ስም ሳይ እጄ ቆመ። ሁለት ዓመት የሠራሁበት ተራራ ነው። እኛም ባዶ ብለን ተክለን ነበር። በበጋ የሦስት ቀበሌ ከብት የሚግጠው እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ ልጄ በሬዬን ወዴት ልውሰደው ብለው ጠየቁኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ችግኙ ሁሉ ተነቅሎ አገኘነው። አልፈረድኩባቸውም።

ዜሮውን እንዳለ ተየብኩት። ማክሰኞ ጽሑፉ በሚቀርብበት ስብሰባ ላይ አንዱ ይጠይቀዋል። ያፍራል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕ. 19፤ ከሰዓት

ማንም አልጠየቀም። አጨበጨቡ። ከአምስተርዳም የመጡት እንግዶች ተራ በተራ እጁን ጨበጡት። ተከላው በሚመጣው ማርች ይጀመራል አለ ኮር። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ።

ረቡዕ፣ ሴፕ. 20

ጌታሁን ትራም ፌርማታው ላይ ጠበቀኝ። እንደ ድሮው ትከሻውን ሰብስቦ። ስሜ ጽሑፉ ላይ እንዲገባ ኮርን ለምኖ እንደነበር ነገረኝ፤ የታይፒስት ስም አይገባም ተባለ። ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ልጠላው እንኳ አልተወኝም።

«ሙሉነሽ፣ ያንን ተራራ አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። «እኔ ያየሁት በካርታ ነው። ስትተይቢ ያስተዋልሽው ስህተት የለም?»

«የለም» አልኩት።

«እፎይ። አንቺ ካለፍሽው ልቤ ያርፋል።»

ትራሙ መጣ። ገባሁ። ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ቅዳሜ፣ ሴፕ. 23፤ ጠዋት

ሦስት ቀን ሙሉ ያ ተራራ ከሐሳቤ አልወጣም። ሰዎቹ ግጦሻቸውን ካጡ ከብቱን ይዘው ወደ ቀረው ጫካ ይገባሉ። ያ ጫካ ሲራቆት ካርቦኑ ተመልሶ ይወጣል። በአንዱ ተራራ አከማችቶ በሌላው መልቀቅ። ይህን ለማወቅ ማስተርስ አያስፈልግም። አፍ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አፌን ደግሞ ቅናት ዘጋው።

አሁንም አልለቀቀኝም። ብናገር፣ ስህተቱን አርሞ የሚመሰገነው እሱ ይሆናል። እኔን ኮር፣ አይተሽ ለምን ተየብሽው ይለኛል። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ይሁን።

ሰኞ ኮር ዘንድ እገባለሁ። ጌታሁን ከመጣ አብረን፣ እምቢ ካለ ብቻዬን። አሁን ልደውልለት ነው። መጀመሪያ የምነግረው የመሬቱን ጉዳይ አይደለም፤ አይቼ ዝም ማለቴን፣ ለምን ዝም እንዳልኩም ጭምር ነው።