መርዶ በጠራራ ፀሐይ

ግንቦት ፫ ቀን ፲፱፻፶፩
የዛሬው ሙቀት ደግሞ ለጉድ ነው። ስፌቱን ትቼ ቀፊራ ገበያ፣ ፋዱሞ ጨርቅ ሱቅ ሄድኩ። አፏ መቼ ያርፋል! «ተሺ፣ ሠላሳ ልትደፍኚ ነው፤ ባል የምትጠብቂው በባቡር ነው?» አንቺስ? አልኳት። «እኔማ እያማረጥኩ ነው!» አብሮ አደጋችን ጥሩወርቅ ሐረር ካገባች ወዲህ የሚገላግለን ጠፋ… ክረምት እመጣለሁ ብላለች።

ግንቦት ፲፩
ጥሩወርቅ ሞተች። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ግንቦት ፲፫
እስቲ ልሞክር። ከትናንት ወዲያ ረፋዱ ላይ እየሰፋሁ ፋዱሞ ሻሿ ወልቆ ገባች። «ተሺ፣ ጥሩወርቅ ድንገት አሟት ሌሊት ሞታለች። ወንድሜ አሁን ከሐረር ገባ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተነሺ፣ መኪናው ቆሟል!» አከራዬ እትዬ ጥሩሰው ቀድመው ሰምተው ደብቀውኝ ኖሯል። «አንቺ! መርዶ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል? ነገ ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እንጂ!» ብለው ጮኹባት። ፋዱሞ፣ «ነገማ አፈር ውስጥ ናት» አለች። አፏ ይቆረጥ!

ለቀብሩ ደረስኩ። አፈር አልብሼ ተመለስኩ። ፋዱሞ እስላም ናትና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። በመንገድ አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም።

ግንቦት ፳
ለቅሶ ደራሹ አሁንም ይጎርፋል። ሁሉም ፋዱሞን ያማል፤ «መርዶን እንደ ገበያ ወሬ!» እኔም አብሬ አማሁ። ቀለለኝ? ትንሽ… እሷ ግን ብቅ አላለችም። ኩራተኛ!

ግንቦት ፳፭
የጥሩወርቅ ታናሽ እህት አልጋነሽ ከመልካ ጀብዱ መጣች። እሷን ዘመዶቿ በወጉ፣ በማግስቱ ንጋት ላይ ነው መርዶውን ያረዷት። በወጉ! ሐረር ስትደርስ ቀብሩ አልቋል። «ሬሳዋን እንኳ ሳልሸኝ…» ብላ ላዬ ላይ ወደቀች። «አንቺስ ታድለሽ፤ ማን ነገረሽ?» የፋዱሞን ስም መጥራት አቃተኝ።

ግንቦት ፳፮
ቀፊራ ሄድኩ። ፋዱሞ ጨርቅ ስትቀድ ደረስኩ። ቀና ሳትል፣ «ምላስሽ ተመለሰልሽ?» አለችኝ። ልስቅ ነበር… ከስታለች። ዓይኗ አብጧል።

ለካ እኔ ቤት ሰው ሲጎርፍ የእሷን ደጃፍ የረገጠ አንድም የለም! እሷስ ጓደኛዋ አልሞተችም? እኔስ ምን ነካኝ?

ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ፋዱሞ፣ እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

መቀሱን ጣለች። «አቦ ተሺ… እስካሁን የት ነበርሽ?» ብላ እሪ አለች።

ሱቁን ዘግተን እስኪመሽ ተላቀስን።